ያ ትልቅ ግራጫ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት አይደለም

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሲያትል ነው፤ ትራክ እነዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከካስኬድ ተራራ ወዲያ ሞዜስ ሌክ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ነዳጅ ልቀዳ ስቆም አንድ ሕንፃ የሚያህል ግራጫ አውሮፕላን ጎማውን አውጥቶ ዝቅ ብሎ መጣ። መሬት ነካ፣ ጭስ ቡልቅ አለ፣ ከዚያ እንደገና ተነሳ። አራት ጊዜ ደጋገመው። ችግር ላይ ያለ መስሎኝ 911 ልደውል ነበር። አንዴማ አየር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መሰለኝ። ስልኬ ላይ ባለው የበረራ መከታተያ አፕ ብፈልገው የለም። ጓደኛዬ ‹ጋላክሲ ነው፤ ጦርነት ሊጀመር ነው፤ ቪዲዮውን አጥፋው፣ ያሳስርሃል› አለኝ። ቪዲዮውን ልኬልዎታለሁ። እውነቱ ምንድን ነው? የ9 ዓመት ልጄ አውሮፕላን ይወዳል፤ ወስጄ ባሳየው ችግር ይመጣብኛል?»

ምላሽ፦

ቪዲዮውን አታጥፋው። 911 አለመደወልህም ጥሩ ነው። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም፤ ማረፍ እየተለማመደ ነበር። የበረራ ሰዎች ይህን «ተች ኤንድ ጎ» ይሉታል። ጎማው አስፋልቱን ይነካል፣ ጥቂት ይንከባለላል፣ ሞተሩ ይጨመርለታል፣ ይነሳል። ከዚያ አካባቢውን በአራት ማዕዘን ዞሮ ይመለሳል። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ስታወጣ «ተጎታቹን ወደ ኋላ አስገባ፣ አውጣ፣ እንደገና አስገባ» ሲሉህ የዋሉበትን ቀን አስታውስ። በአጥር በኩል ያየህ ሰው «ይሄ ልጅ ማቆም አቃተው» ሳይል አልቀረም። ይሄም ያው ነው።

እውነተኛ ችግር ሲመጣ መልኩ ሌላ ነው። የእሳት አደጋ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ማኮብኮቢያው ዳር ይሰለፋሉ። አውሮፕላኑ አንዴ ያርፋል፣ ይቆማል፣ መኪኖቹ ይከቡታል። ጎማ አልወርድ ያለው አውሮፕላን በበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ፊት ዝቅ ብሎ አልፎ «እስቲ ከስር እዩልኝ» ሊል ይችላል፤ ግን መሬት አይነካም። አራት ጊዜ ነክቶ አራት ጊዜ የተነሳ አውሮፕላን ደህና ነው። ደህና ባይሆን ኖሮ ከመጀመሪያው በኋላ አይነሳም ነበር።

ጭሱ የጎማ ነው። አየር ላይ ሳለ ጎማው አይዞርም። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየመጣ አስፋልቱን ሲነካ ለአፍታ ይጎተታል፤ ላስቲኩ ይለበለብና ነጭ ጭስ ይወጣል። ጎማው መዞር ሲጀምር ጭሱ ይቆማል። የማንኛውም ማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ የምታየው ጥላሸት የዚሁ የላስቲክ ቅሪት ነው።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ቪዲዮህን እያቆምኩ አየሁት። ጋላክሲ፣ ማለትም ሲ-5 የሚባለው ግዙፉ የጦር ጭነት አውሮፕላን፣ አይደለም። ሲ-17 ግሎብማስተር ነው፤ እሱም የአሜሪካ አየር ኃይል የጭነት አውሮፕላን ነው። ጓደኛህን አልፈርድበትም፤ ሁለቱም ግራጫ ናቸው፣ ሁለቱም ክንፋቸው ከጀርባቸው ላይ ነው፣ ሁለቱም አራት ጄት ሞተር አላቸው፣ የሁለቱም ጭራ ከኋላ ስታየው የእንግሊዝኛውን ቲ ፊደል ይመስላል። ልዩነቱ ክንፉ ጫፍ ላይ ነው። የሲ-17 ክንፍ ጫፉ ወደ ላይ ታጥፏል፤ የጋላክሲው አልታጠፈም። ቪዲዮህ 11ኛው ሰኮንድ ላይ ሲያዘነብል እጥፋቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሌላው ቁመናው ነው። ጋላክሲው 75 ሜትር ይረዝማል፣ ቀጠን ብሎ የተዘረጋ ነው። ሲ-17 ደግሞ 53 ሜትር ነው፤ ድፍን፣ ጡንቻማ፣ አንገት የሌለው ወይፈን ይመስላል።

አንተ በምትነዳው ላስላልህ። ትራክህ ከነተጎታቹ 21 ሜትር ግድም ቢሆን፣ ሲ-17 ሁለት ተኩል ትራክ ይረዝማል። ጭራው 16.8 ሜትር ነው፤ የአምስት ፎቅ ያህል። ሞልቶ ሲነሳ 265 ቶን ይመዝናል። አንተ በሕግ የምትፈቀድልህ 36 ቶን ናት፤ ሰባት ትራክ በላይ ማለት ነው። ጭነቱ ብቻ እስከ 77 ቶን ይደርሳል። አንድ አብራምስ ታንክ ውጦ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት አብዛኛውን ጊዜ ሶስት ሰዎች ናቸው፦ ሁለት አብራሪ እና አንድ የጭነት ኃላፊ። ጎማው ደግሞ ካንተ ያንሳል። አንተ 18 ትነዳለህ፤ እሱ 14 ነው ያለው።

«ቀጥ ብሎ ቆመ» ያልከው ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ነው። አልቆመም። የባቡር ማቋረጫ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ባቡር ቀስ ያለ መስሎህ ያውቃል? ዓይናችን ፍጥነትን ሲገምት ነገሩ የራሱን ርዝመት በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስም ያያል። ሲ-17 ለማረፍ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ቢመጣ፣ በሰኮንድ 61 ሜትር ይሄዳል። የራሱ ርዝመት 53 ሜትር ነው። ስለዚህ በአንድ ሰኮንድ የሚያልፈው የራሱን ርዝመት ብቻ ነው፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው። 8 ሜትር የምትረዝመው ትንሿ ሴስና በዚያ ግማሽ ፍጥነት እየመጣች በሰኮንድ አራት ጊዜ ያህል ርዝመቷን ትጨርሳለች። ሴስናዋ ስትከንፍ ትታይሃለች፣ ትልቁ ደግሞ የተንሳፈፈ ይመስላል። ወዳንተ ፊት ለፊት ከመጣ ደግሞ ጭራሽ ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እየተለቀ ይመጣል እንጂ አይሄድም።

ግማሹ የዓይን ነገር ቢሆንም ግማሹ እውነት ነው። ሲ-17 ለመጠኑ በጣም ቀስ ብሎ መብረር ይችላል። ሞተሮቹ ከክንፉ ስር ወደ ፊት ወጣ ብለው ተሰቅለዋል። ከክንፉ ኋላ ያለው ፍላፕ የሚባለው ተዘርጊ ሳንቃ ሲወርድ ከሞተሩ የሚወጣው ግፊት በቀጥታ ይመታዋል። አየሩ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ክንፉም ተጨማሪ አንሺ ኃይል ያገኛል። ሌላ አውሮፕላን በዚያ ፍጥነት የሚወድቅበት ቦታ ላይ ይሄ ተረጋግቶ ይወርዳል። ይህ ለጌጥ አልተሠራም። 1,064 ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ ወርዱ 27 ሜትር የሆነ ሜዳ ላይ እንዲያርፍ ነው። ለማነጻጸር የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው።

እንዲህ ያለ አቅም ያለው አውሮፕላን ለምን ሲቪል ኤርፖርት ይመጣል? ይህን ጥያቄ አልጠየቅኸኝም፤ ግን ጓደኛህ «ጦርነት» ያለው ከዚሁ ተነስቶ ነው። ወታደራዊ አውሮፕላን በወታደር ግቢ ብቻ የሚበር ይመስለናል። ሀገር ቤት ለምደነው ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም።

ያየኸው አውሮፕላን ከማክኮርድ የመጣ ለመሆኑ ብዙም አልጠራጠርም። ታኮማ አጠገብ ያለው የሉዊስ-ማክኮርድ ጦር ሰፈር ነው፤ አንተ በሀይዌይ 5 ሁልጊዜ ታልፈዋለህ። ሲ-17 እዚያ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማክኮርድን የከተማ ዳርቻ ከቦታል። የብርዱን ወራት ሙሉ ደመናና ዝናብ ነው። የሲታክ፣ የሲያትል ዋና ኤርፖርት፣ ትራፊክ አናቱ ላይ ነው። እዚያ አንድ ትልቅ ጄት አስር ጊዜ ዙር ልዙር ቢል ጎረቤቱም አይወድለትም፣ ቦታም አያገኝም። የካስኬድን ተራራ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሲመጣ ግን ሰማዩ ይከፈታል፣ ሰው ይሳሳል፣ መሬቱ ሜዳ ነው።

ሞዜስ ሌክ ደግሞ የተራ ከተማ ኤርፖርት አይደለም። ድሮ ላርሰን የሚባል የአየር ኃይል ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ተዘጋ። ወታደሩ ሄደ፣ ማኮብኮቢያው ቀረ። ዋናው ማኮብኮቢያ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከቦሌ ይረዝማል። ከተማዋ ትንሽ፣ አስፋልቱ ግን የትልቅ ሀገር ዋና ከተማ የሚያምርበት። የጃፓን አየር መንገድ አብራሪዎቹን ለአርባ ዓመት ገደማ ያሠለጠነው እዚያ ነው። ቦይንግ የሙከራ በረራ ያደርግበታል። 737 ማክስ እንዳይበር በታገደ ጊዜ ሥራ የፈቱት አውሮፕላኖች በረድፍ የቆሙት እዚያው ነበር። የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከወደቀ በኋላ መሆኑ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ያ ረድፍ ሆዴን ያባባው ነበር።

በሕግም የሚከለክል ነገር የለም። የፌደራል መንግሥት ገንዘብ ተቀብሎ የተሠራ ወይም የታደሰ ኤርፖርት ለመንግሥት አውሮፕላኖች ክፍት መሆን አለበት። ለኤርፖርቱም ጉዳት የለውም፤ ነዳጅ ይሸጣል፣ ማማው ሥራ ያገኛል። ስለዚህ ምሥጢር የለበትም። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሀይዌይ በሚታይ ሜዳ ላይ ነው የሚለማመዱት።

ጦርነቱን በተመለከተ አጭር መለያ ልስጥህ። ለዘመቻ የሚሄድ አውሮፕላን ይሄዳል እንጂ አይዞርም። ጭኖ ይነሳል፣ ከፍ ይላል፣ ይጠፋል። አንድ ቦታ ላይ እየዞረ ጎማ የሚያቃጥል አውሮፕላን የሚጭነው ነገር የለውም፤ የጫነው ተማሪ ነው። አብራሪዎቹ በየጊዜው የተወሰነ ቁጥር ማረፍ፣ የተወሰነ ቁጥር የሌሊት በረራ መመዝገብ አለባቸው። ጦርነት ኖረም አልኖረም ዓመቱን ሙሉ ይበራሉ። ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) አላቸው፤ ብዙውንም እዚያ ይጨርሳሉ። ሆኖም 14 ጎማ አስፋልት ሲመታ ወገብ ላይ የሚሰማውን ነገር ሲሙሌተር ሙሉ በሙሉ አይሰጥም።

ከዚህ ወዲያ የሚያስደስተው የሚለማመዱትን ማንበብ ነው። ሁሉም ዙር አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጎማውን አውርዶ ይመጣና ሊነካ ሲል ትቶ ይነሳል። ይህ «ማኮብኮቢያው ላይ ላም ገባች» ዓይነት ልምምድ ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት ሐሳብ መቀየርን ይለማመዳሉ። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ያርፋል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል። አዎ፣ ሲ-17 በራሱ ሞተር ወደ ኋላ ይሄዳል። ግፊቱን ወደ ፊት ያዞረዋል። እንዳንተ መስታወት የለውም፤ የጭነት ኃላፊው ከኋላ ሆኖ በሬዲዮ «ና፣ ና፣ በቃ» ይለዋል። ጠባብ ማኮብኮቢያ ላይ እንደ ሚኒባስ ሾፌር አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ብሎ ዞሮ ይወጣል።

የምወደው ግን አጭሩ ማረፍ ነው። ከወትሮው ሾጠጥ ብሎ ይመጣል። ሌላው አውሮፕላን ከመንካቱ በፊት አፍንጫውን ቀና አድርጎ ለስለስ ይላል፤ ይሄኛው ብዙም አያለሰልስም። ዱብ! ጭስ። ወዲያው ክንፉ ላይ ያሉት ሳንቃዎች ብድግ ይላሉ፣ ሞተሮቹ ይጮኻሉ፣ አፍንጫው ፍሬን እንደተያዘ መኪና ይደፋል። ባለፈው መስከረም ሙሉ ጠዋት ቆሜ ሳይ ውዬ ነበር። የፔርሙዝ ቡናዬን ስከፍት መጣ፤ ስኒዋን ሳልሞላ ቆሞ ነበር። ድምፁ ለእኔ የደረሰኝ ጭሱን ካየሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዝም ያለ ፊልም፣ ከዚያ ነጎድጓድ። የአጥሩ ሽቦ ሲንቀጠቀጥ በጣቴ ይሰማኝ ነበር።

ይህ አቅም ቀልድ እንዳልሆነ አንድ የታምፓ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 አንድ ሲ-17 ፍሎሪዳ ውስጥ ማክዲል የተባለው ጦር ሰፈር ያረፈ መስሎት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለች የትናንሽ አውሮፕላኖች ሜዳ አረፈ። ሜዳዋ ከ1,100 ሜትር ታንሳለች። ግን ቆመ። በኋላም ከዚያችው ሜዳ ተነስቶ ወደ ትክክለኛው ቦታ ሄደ። ለአብራሪው ውርደት ነው፤ ለአውሮፕላኑ ግን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም።

አጭር ሜዳ፣ ዝቅ ያለ በረራ፣ ቀስ ያለ ፍጥነት፦ ይህ ለኛ ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ሄርኩለስ የሚባሉት የእንግሊዝ እና ትራንሳል የሚባሉት የጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች ወደ ሰሜን እህል ሲያመላልሱ ነበር። መኪና የማይገባበት ቦታ ላይ መሬት ሊነኩ እስኪደርሱ ዝቅ ብለው ያለ ጃንጥላ ከረጢቱን ይገፉት ነበር። እንዲህ ያለ በረራ ችግሩ የመጣ ቀን አይጀመርም። ቀድሞ ሰላማዊ ሜዳ ላይ ተደጋግሞ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከካቡል አንድ ሲ-17 823 ሰው በአንዴ አውጥቷል። እኔ ደብረ ዘይት ነው ያደግሁት። ልጆች ሆነን አንቶኖቭ በድምፁ እንለይ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ሲመጣ «ተማሪ ነው» እንባባላለን። ያኔም ልክ ነበርን።

አፑ ላይ ስላጣኸው ምሥጢር ነው ማለት አይደለም። ስልክህ ላይ ያለው አፕ አውሮፕላኑን አያየውም። ሰዎች ጣሪያቸው ላይ የሰቀሏቸው ትናንሽ መቀበያዎች ከአውሮፕላኑ የሚወጣውን ሲግናል ይሰበስባሉ፤ አፑ የሚያሳይህ እሱን ነው። አውሮፕላኑ ዝቅ ካለ እና አካባቢው ገጠር ከሆነ የሚሰማው መቀበያ ላይኖር ይችላል። አንዳንድ ወታደራዊ አውሮፕላን ማንነቱን ይልካል እንጂ ያለበትን ቦታ አይልክም። ያኔ ቦታውን ለማስላት ቢያንስ አራት መቀበያ በአንድ ጊዜ ሊሰሙት ይገባል። ሲያትል ላይ ይገኛል፤ በስንዴው እርሻ መሃል አይገኝም። አንዳንዱ አፕ ደግሞ ራሱ ይደብቃል። ኤዲኤስ-ቢ ኤክስቼንጅ የሚባለው ሳያጣራ ያሳያል፤ እሱን ሞክር። ለስሱ ተልእኮ ሲሆን አስተላላፊውን ማጥፋትም ይፈቀድላቸዋል። ግን ሞዜስ ሌክ ላይ ዙር ለመዞር ማንም ይህን አያደርግም።

አሁን ወደ እስሩ። ይህችን ክፍል በጥንቃቄ አንብብልኝ፤ መልሱ በቆምክበት ሀገር ይለያያል።

አሜሪካ ውስጥ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆነህ ሲቪል ኤርፖርት ላይ የሚበርን አውሮፕላን፣ ወታደራዊም ቢሆን፣ ፎቶ ማንሳት ወንጀል አይደለም። ጦር ሰፈር ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ወታደራዊ ቦታዎችን ያለ አዛዡ ፈቃድ ማንሳት በፌደራል ሕግ ያስጠይቃል፤ አጥሩ ላይም ይጻፋል። ስለዚህ ማክኮርድ በር ላይ ቆመህ ካሜራ አታውጣ። ሞዜስ ሌክ ከአጥር ውጪ ሆነህ አንሳ።

ፖሊስ ሊጠይቅህ ይችላል። እውነቱን እንነጋገር፤ ጥቁር ሰው መነጽር ይዞ አጥር ስር ሲቆም አንዱ መደወሉ አይቀርም። እኔን አንድ ኤርፖርት አጠገብ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል። «አውሮፕላን እያየሁ ነው» አልኩ፣ ያነሳሁትን አሳየሁ፣ አንደኛው ራሱ ቆሞ ሶስት ዙር አብሮኝ አየ። አትከራከር። «ከዚህ ተነስ» ካሉህ ተነስ፤ ሌላ መንገድ ሞልቷል። አጥር ግን እንዳትነካ፣ በር ክፍት ቢሆን እንዳትገባ። ወረቀትህ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ደግሞ ትንሽ የምትመስል ክስ እንኳ ብዙ ታስከፍላለች።

ይህን ልማድ ይዘህ ሀገር ቤት እንዳትሄድ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤርፖርትና ወታደራዊ ነገር ያለ ፈቃድ አይነሳም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሆነህ ወደ ላይ የዞረች ስልክ ብዙ ታስለፋለች። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላሉ ዘመዶችህም ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ውስጥ ፉጃይራ ኤርፖርት አጠገብ አውሮፕላን ሲመለከቱ የተያዙ ሶስት እንግሊዛውያን ሁለት ወር ገደማ ታስረዋል። አውሮፓም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግሪክ ውስጥ 14 እንግሊዛውያንና ሆላንዳውያን ተመልካቾች በስለላ ተጠርጥረው ተያዙ። ፍርድ ቤት መጀመሪያ ጥፋተኛ አላቸው፤ ነፃ የወጡት በይግባኝ ነው። እንግሊዞች ለዚህ ነገር ያላቸው ፍቅር ጤናማ አይመስለኝም፤ ግን ሰላይ አልነበሩም።

ልጅህን ውሰደው። ይሄ ምክሬ ነው፣ ሳላመነታ። ግን እንዲህ አድርግ።

በትራኩ አትሂድ። ሀይዌይ ዳር ቆሞ ማየት አደጋው ከአውሮፕላኑ ይበልጣል። በቤት መኪና፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂድ። ነፋሱን እይ፤ አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚያርፈው። ባንዲራ ወዳንተ ከተውለበለበ፣ አውሮፕላኑ የሚመጣው ከጀርባህ ነው። ከማኮብኮቢያው ጫፍ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ሁለትና ሶስት መቶ ሜትር ራቅ ብለህ፣ ፀሐይን ጀርባህ ላይ አድርገህ ቁም። ጫፉ ላይ ትይዩ መቆም ቪዲዮ ላይ ያምራል። ግን የአራት ሞተር ግፊት ጠጠር ያነሳል፤ አንተም የምትቆመው ከልጅ ጋር ነው። ልምምድ ነው ማለትም አደጋ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 አላስካ ውስጥ አንድ ሲ-17 ለአየር ትርኢት ሲለማመድ ወድቆ ውስጡ የነበሩት አራቱም ሞተዋል። ያ አውሮፕላኑን ከገደቡ በላይ ያጠፈ በረራ ነበር፤ የዙር ልምምድ እንደዚያ አይደለም። ቢሆንም ከመስመሩ ስር አትቁም።

ድሮን በፍጹም። የልጅ መጫወቻ ሌዘርም መኪና ውስጥ ይቅር። ሌዘር ወደ አውሮፕላን ማብራት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል፤ ኮክፒት ውስጥ ያለን ሰው ያሳውራልና ሕጉ አልበዛም። የጆሮ መከላከያ ያዝለት።

መቼ እንደሚመጡ ግን ማንም አስቀድሞ አይነግርህም። የልምምድ ፕሮግራም አይለጠፍም። አንዳንድ ቀን ለአምስት ሰዓት ያህል ቆመህ የምታየው ሴስና ብቻ ነው። ዋስትና እንዳትሰጠው፤ «እንሞክራለን» በለው። ትልቅ ነገር ከመጣ መጀመሪያ ክንፉ የት እንዳለ ይይ። ክንፉ ከሆዱ ስር ከሆነ እና ጭራው ስር ረጅም በትር ካለው፣ ያ ለሌሎች አውሮፕላኖች አየር ላይ ነዳጅ የሚሞላው ታንከር ነው። ስፖኬን አጠገብ ካለው ፌርቻይልድ ይመጣል። ክንፉ ከጀርባው በላይ ከሆነ እና አራት ፕሮፔለር ካለው ሄርኩለስ ነው። ጄት ከሆነ የክንፉን ጫፍ ይይ።

አንድ ዙር ሲያልቅ ሰዓት ያዝ። እኔ ስይዘው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ አንዱ ካመለጣችሁ አትደንግጡ፤ ሳንድዊቹን ጨርሱ፣ ይመለሳል። ሁለተኛው ዙር ላይ ልጁ ጎማ ይቁጠር። ከፊት 2፣ ከሆዱ ስር 12። 14 ካለህ በትክክል ቆጥሯል። 28 ካለህ ግን ለጓደኛህ ደውለህ ይቅርታ ጠይቀው፤ ያን ቀን ጋላክሲ ነው።